ለከሰሉ አንድ ወረቀት፣ ለአየሩ አንድ ፋይል

«ለከሰል መግዣ 3 ሺህ ዝሎቲ ሲሰጡኝ አንድ ወረቀት ሞላሁ፤ አለቀ። ከሰሉን ልተው ስል ግን ፋይል ሙሉ አምጪ አሉኝ።»

ይህን ያሉኝ አከራዬ ናቸው። ከእናቴ ጠና የሚሉ ፖላንዳዊት ጡረተኛ ናቸው። እንደ አገሩ ደንብ ፊት ለፊት «ፓኒ» እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን እማማ ናቸው። ቤታቸው ከክራኮው ወጣ ብላ ባለችው ስካቪና ውስጥ ነው። ከተማው መሐል ኪራይ አልቀመስ ሲል ነው ወደዚህ የመጣሁት። እኔ ላይኛው ፎቅ፣ እሳቸው ምድር ላይ፣ ከሁለታችን በታች ደግሞ ቤቱን ሁሉ የሚያሞቀው የድንጋይ ከሰል ምድጃ።

ንግግራቸው ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። አውሮፓ አየሯን ለማጽዳት ስለምታፈሰው ገንዘብ ዜና በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ቢሊዮን ሲባል ጆሮ ይለምደዋል። ገንዘቡ ከብራስልስ ይነሳል፣ ዋርሶ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ክልል ይወርዳል። መጨረሻው ግን አንዲት ጡረተኛና አንድ ምድጃ ናቸው። እዚያ ካልደረሰ የትም አልደረሰም።

የማውቀው ሽታ

ፖላንድ የመጣሁት በስኮላርሺፕ ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ክፍት በሆነው፣ በኢግናሲ ዉካሼቪች ስም በተሰየመው። ዉካሼቪች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነጭ ጋዝ ፋኖስ የሠራ ፋርማሲስት ነበር። በፋኖስ ሠሪ ስም መጥቼ ስለ ጭስ መጻፌ አንዳንዴ ፈገግ ያሰኘኛል።

የመጀመሪያው ብርድ ሲገባ፣ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ጭስ። ጭስማ መቼ ጠፍቶኝ፤ አያቴ ማጀት ያደግኩ ልጅ ነኝ። ይሄኛው ግን ለየት ይላል። የማገዶ ጭስ ዓይን ያስለቅስና ያልፋል። የድንጋይ ከሰል ጭስ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ድኝ ድኝ ይላል። ካፖርት ላይ ያድራል።

ለእህቴ ደውዬ ስነግራት ሳቀችብኝ። «እኛ በማገዶ እየታፈንን አንተ አውሮፓ ተቀምጠህ ጭስ ታማርራለህ?» አለችኝ። ከአገር ቤት ሆኖ ሲታይ ነገሩ ቅንጦት መምሰሉ አይቀርም። ቁጥሩ ግን ቀልድ አይደለም። የአውሮፓ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግምት እንደሚለው፣ በ2022 ብቻ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 239 ሺህ ገደማ ሰዎች ያለጊዜያቸው ሞተዋል። ምክንያቱ ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው መጠን በላይ መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።)

ክራኮው የቪስዋ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። ነፋስ እምብዛም አይጎበኛትም። በብርድ ወራት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ እንደ አክንባሎ ይከደንበታል። ከየቤቱ የወጣው ጭስ መሄጃ አጥቶ እዚያው ሲዞር ይውላል። የኅብረቱ ሕግ ፒኤም 10 (ከፒኤም 2.5 ተለቅ ያለውንም የሚጨምረው ብናኝ) በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በቀን ከ50 ማይክሮግራም የሚያልፍባቸው ቀኖች በዓመት ከ35 እንዳይበልጡ ያዛል። በ2010ዎቹ መጀመሪያ በክራሺንስኪ ጎዳና ያለው መለኪያ ከ100 ቀን በላይ ይቆጥር ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ2018 ፖላንድን በዚሁ ብናኝ ጉዳይ ጥፋተኛ ብሏታል።

እዚህ ያሉ ወላጆች ጠዋት ልጅ ከማስወጣታቸው በፊት ስልካቸው ላይ የአየር ካርታ ያያሉ። ኤርሊ የሚባለውን፣ በየግድግዳው ትንንሽ መለኪያ የሚሰቅለውን ድርጅት የጀመሩት እኔ የተማርኩበት የኤጂኤች ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ነጥቡ አረንጓዴ ከሆነ ልጁ ይወጣል፤ ቀይ ከሆነ ቤት ይውላል። እኔም ለመድኩት። ቀይ ቀን ላይ የሚሮጥ ሰው ሳይ «ይሄ ስልክ የለውም እንዴ?» እላለሁ።

ቀድሞ የመጣ ሙሉውን ይወስዳል

የክራኮው ታሪክ ረጅም ነው፤ ላሳጥረው። በ2012 ነዋሪዎች «የክራኮው የጭስ ማንቂያ ደወል» የሚል እንቅስቃሴ ጀመሩ። በ2013 የማዎፖልስካ ክልል ምክር ቤት በከተማዋ ጠንካራ ነዳጅ ማቃጠልን ከለከለ። ፍርድ ቤት ሻረው። በ2015 የአገሪቱ ሕግ ራሱ ተሻሻለ፤ በ2016 መጀመሪያ ክልከላው እንደገና ጸደቀ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ በክራኮው የድንጋይ ከሰልም ሆነ እንጨት ማቃጠል ክልክል ነው። ለጌጥ ሳሎን ውስጥ የሚነደው እንጨት እንኳ አልተረፈም። የከተማው ደንብ አስከባሪዎች የተጠረጠረ ቤት ገብተው አመድ ዘግነው ያስመረምራሉ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ክልከላው ነው። እኔን የገረመኝ ግን ገንዘቡ የተሰጠበት መንገድ ነው።

ከተማው ምድጃውን ለሚያወጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ወጪውን እስከ 100 በመቶ ከፈለ። ቀጥሎ 80 በመቶ። ከዚያ 60። የክልከላው ቀን በቀረበ ቁጥር ድጎማው እየቀነሰ ሄደ። ብልሃቷን ልብ በሉልኝ። ሰው በባሕርዩ «ነገ አያለሁ» ይላል። እዚህ ግን ነገ ሲመጣ የሚያገኘው ያነሰ ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቅጣት አለ። ጎረቤቱ ሙሉውን ወስዶ እሱ 60 ሲደርሰው ያንገበግበዋል። ስለ ሳንባ ስብከት ያላንቀሳቀሰውን ሰው ይህ ያስነሳዋል።

ሌላም አለ፤ ይሄኛውን እንዲያውም ዋናው ቁልፍ አድርጌ ነው የማየው። አዲስ ማሞቂያ በነፃ ቢገጠምልህም ወርሃዊ ሂሳቡ አብሮ ይመጣል። ከሰል ርካሽ ነበር፤ ጋዝና መብራት ውድ ናቸው። ክራኮው ገቢያቸው ዝቅ ላለ ነዋሪዎች የማሞቂያ ወጪ ልዩነቱን የሚደጉም ፕሮግራም አቆመች። ማለትም ገንዘቡ ምድጃው የወጣ ቀን አልቆመም፤ ሂሳብ እስከሚመጣበት ቀን ድረስ ተከትሎት ሄደ። ስንት የልማት ፕሮጀክት ነው ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ እዚያ ላይ የሚያልቀው?

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ለንደን በዲሴምበር 1952 ለአምስት ቀን በከሰል ጭስ ታፍና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁባት። በ1956 በወጣው የንጹሕ አየር ሕግ መሠረት፣ ጭስ በተከለከለበት ሰፈር ምድጃውን ለሚቀይር ሰው ከወጪው 70 በመቶ የሚሆነውን የሸፈነው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ 40 ከመንግሥት፣ 30 ከማዘጋጃ ቤት። ደብሊን ደግሞ በ1990 የሚጨስ ከሰል ሽያጭን ከለከለች፤ የጥቁር ጭሱ መጠን በ70 በመቶ ገደማ ወረደ። እንግዲህ የአውሮፓ ከተሞች ምን እንደሚሠራ ካወቁ ቆይተዋል ማለት ነው። የሚቀረው ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚከፍል ነው።

ክራኮውም ውጤቱን አየችው። ቀዩ ቀን በግልጽ ቀነሰ። ሆኖም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከተማዋን ዙሪያዋን የከበቧት ትንንሽ ከተሞች አሉ፤ ሰው በቀልድ «ኦብቫዣኔክ» ይላቸዋል፤ በየመንገዱ በጋሪ በሚሸጠው፣ መሐሉ ክፍት በሆነው ቀለበት ዳቦ ስም። ስካቪናም አንዷ ናት። የክራኮው ክልከላ እዚህ አይሠራም። ጢስ መውጫ፣ ድሃ መዋያ አያጣም ይባል የለ? ከሰሉን ክራኮው ስትዘጋበት ቀለበቱ ውስጥ መውጫ አገኘ። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ የእኛ ጭስ የከተማውን ድንበር አይጠይቅም።

ምድር ቤት

ጊዜው የ2022 ማብቂያ ነው። ያን ዓመት ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ፖላንድ የሩሲያን ከሰል አላስገባም አለች። የከሰል ዋጋ ሰማይ ወጣ። ሰው በየከሰል መሸጫው ተሰለፈ። መንግሥት በከሰል ለሚሞቅ ቤተሰብ 3 ሺህ ዝሎቲ ሰጠ፤ በአገር ደረጃ ከ11 ቢሊዮን ዝሎቲ በላይ መደበለት። የገዢው ፓርቲ መሪ ያሮስዋፍ ካቺንስኪ ኖቪ ታርግ ላይ ቆመው ከጎማ በስተቀር የተገኘውን ሁሉ ማቃጠል ያስፈልጋል አሉ። ኖቪ ታርግ በክፉ አየሯ የታወቀች ከተማ መሆኗን እዚህ ማንም ያውቃል። የማዎፖልስካ ክልል ደግሞ አሮጌ ምድጃዎች ከ2023 መግቢያ ጀምሮ ይወገዱ ብሎ የነበረውን ቀን ወደ ኤፕሪል 2024 ማብቂያ ገፋው።

እማማ ያን ማታ ወገባቸውን አሟቸው ስለነበር ከሰሉን እኔ ልጨምር ብዬ ምድር ቤት ወረድኩ። እሳቸውም ከኋላዬ ቀስ እያሉ ወረዱ። እንግዳ ሰው ምድጃቸውን ሲነካ ዝም ብለው አያዩም። በሩ የብረት ነው፤ መያዣው በጨርቅ ተጠቅልሏል። አካፋው አጭር ነው። በግራ በኩል ከሰሉ በጆንያ ተደርድሯል፤ በቀኝ የአመድ ባልዲ። «እንዲህ አይደለም፣ ወደ ኋላ ወርውረው» ይሉኛል። እወረውራለሁ። አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። እሳቸው ያስላሉ።

ሳሉ ሲቆም፣ «ለምን አያስወጡትም? መንግሥት ይከፍላል እኮ» አልኳቸው። ዜና ላይ የሰማሁትን ነው የነገርኳቸው። «ቺስቴ ፖቪየቼ» ይሉታል፤ ንጹሕ አየር። በ2018 የተጀመረ፣ ለአሥር ዓመት ያህል 103 ቢሊዮን ዝሎቲ የታሰበለት ግዙፍ ፕሮግራም ነው።

እማማ መልስ አልሰጡኝም። ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ነገር አወረዱ። አንዱ የታጠፈ ወረቀት ነው፤ የከሰሉ ድጎማ ማመልከቻ ግልባጭ። ሌላው በላስቲክ የታሰረ ወፍራም ፋይል ነው። የገቢ ማስረጃ አለ። የቤቱ የመዝገብ ቁጥር አለ። የቤቱ ግማሽ ኖርዌይ በሚሠራው ልጃቸው ስም ስለሆነ የእሱ ስምምነትም ያስፈልጋል፤ ያ ቦታ ባዶ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በወቅቱ ዋናው አሠራር መጀመሪያ ራስህ ከፍለህ፣ ደረሰኝ አምጥተህ፣ ኋላ የሚመለስልህ ነበር። «ከየት አምጥቼ ነው መጀመሪያ የምከፍለው?» አሉ። ከዚያ ነው ያቺን መጀመሪያ ላይ የጻፍኳትን ነገር የተናገሩት። እሮሮ አልነበረም። የገበያ ዋጋ እንደሚነግሩኝ ዓይነት ነበር የነገሩኝ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ነገሩን ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ለመንግሥት ጠበቃ ልሁን ብል የምለው አላጣም። 3 ሺህ ዝሎቲና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዝሎቲ አንድ አይደሉም፤ ትልቅ ገንዘብ ማስረጃ ይፈልጋል። ብርድ ቀጠሮ አይሰጥም፤ የከሰሉ ገንዘብ መፍጠን ነበረበት። ይሄ ሁሉ ትክክል ነው። ግን ከምድር ቤቱ ሆናችሁ እዩት። ያው አንዱ መንግሥት በቀኝ እጁ ከሰል ግዢ ይላል፣ በግራው ምድጃሽን አውጪ ይላል። የቀኙ በሳምንታት ይደርሳል። የግራው ልጅ ከኖርዌይ እስኪመጣ፣ ጡረታ እስኪጠራቀም ይጠብቃል። እማማ ደግሞ ሞኝ አይደሉም። ቶሎ የሚደርሰውን እጅ ያምናሉ።

ስለዚህ አሁን አንድ አገር ለአየር ጥራት ይህን ያህል ቢሊዮን መደበ ሲባል የምጠይቀው ሌላ ነው። ያው መንግሥት በዚያው ዓመት ለጭሱ ስንት ከፈለ? የትኛውስ ቀድሞ ደረሰ?

የቸኮለች

ፕሮግራሙ ችግሩን አላየውም አልልም። ከዚያ ማታ ቀደም ብሎ፣ በ2022 አጋማሽ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ሰዎች ከወጪው እስከ ግማሹ በቅድሚያ ለተቋራጩ እንዲከፈል ተፈቅዶ ነበር። በ2023 ለዝቅተኛው ገቢ ድጎማው እስከ 100 በመቶ ደረሰ። በወረቀት ላይ የእማማ ጥያቄ ተመለሰ።

እኛ ሰፈር የደረሰው ግን በሻጭ በኩል ነው። ጥሩ የለበሰ፣ ታብሌት የያዘ ልጅ ደጃፋችን ቆመ። «ሁሉም ነፃ ነው፣ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ» አላቸው። እማማ ሻይ አጠጥተው ሸኙት። ነፃ ነገር ኮሚኒዝም ጊዜ በቂዬን አይቻለሁ አሉኝ። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ያሉት ባልና ሚስት ፈረሙ። ሂት ፓምፕ፣ ማለትም በመብራት የሚሠራ ማሞቂያ፣ ተገጠመላቸው። ግድግዳው ግን አልተሸፈነም፤ መስኮቱም ያው አሮጌው ነው። ሙቀቱ ከፊት ገብቶ ከኋላ ይወጣል። የመብራት ሂሳቡ ሲመጣ ሰውየው ወረቀቱን ይዞ እኔ ጋ መጣ፤ ኢንጂነር ነኝ ብዬ መዘዝ አመጣሁ። ማሽኑ አልተበላሸም። ቤቱ ለእሱ አልተዘጋጀም።

እንዲህ ያለው ታሪክ በአገሩ ሁሉ በዛ። ቅድሚያ ክፍያ ወስደው የጠፉ ነበሩ። ዋጋ ሰማይ የሰቀሉም ነበሩ። በኖቬምበር 28 ቀን 2024 መንግሥት አዲስ ማመልከቻ መቀበሉን አቆመ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በቅን የሠሩት ትንንሽ ተቋራጮችም ክፍያቸው ዘግይቶባቸው መጮህ ጀመሩ። ፕሮግራሙ በማርች 31 ቀን 2025 በተሻሻለ ደንብ እንደገና ተከፈተ።

ከማሻሻያው አንዷን ብቻ ልጥቀስ፤ ሌላው ለባለሙያ ይቅር። ድሃ ለሆነ አመልካች ከማዘጋጃ ቤት ወይም ከክልሉ ፈንድ የሚመደብ ሰው ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሮት ይይዛል። እኛ ቤት የመጣችው ሴት እማማ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ፋይሉን አንድ በአንድ ፈታችው። «ይሄ አያስፈልግም፣ ይሄ አለኝ፣ ይሄን እኔ አወጣዋለሁ።» ለልጃቸው እዚያው ቪዲዮ ተደወለ። እማማ ኬክ ቆርሰው አቀረቡላት፤ ለሻጩ ሻይ ብቻ ነበር የሰጡት። የዚያች ሴት ደሞዝ በ103 ቢሊዮኑ ውስጥ የማይታይ ፍርፋሪ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከማሽኑ የበለጠ ሥራ የሠራው እሱ ነው።

ከምድጃው በኋላ

ምድጃው ወጣ። መጀመሪያ ግድግዳው ተሸፈነ፤ ከዚያ በፔሌት፣ ማለትም በተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የሚሠራ ማሞቂያ ገባ። ክራኮው ውስጥ ቢሆን አይፈቀድም ነበር። ከድሮው ጋር አይወዳደርም፤ አመዱ በትንሽ መጥረጊያ ይጠረጋል። ግን አሁንም እሳት ነው፤ እሳት ባለበት ጭስ አለ። የኅብረቱ አዲስ መመሪያ በ2030 የፒኤም 2.5 ዓመታዊ ጣሪያን ከ25 ወደ 10 ማይክሮግራም ያወርደዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ደግሞ 5 ነው። ወደ 10 ለመውረድ እንኳ እንዲህ ያሉ ቤቶች ዳግም መታየታቸው የሚቀር አይመስለኝም።

ሰፈራችን ውስጥ አሁን ወሬው ወደ መኪና ዞሯል። ክራኮው ከ2026 መግቢያ ጀምሮ የንጹሕ ትራንስፖርት ቀጠና አውጃለች። መስፈርቱን የማያሟላ አሮጌ መኪና ይዞ ከውጭ የሚገባ ይከፍላል። ቀድሞ መኪናው የነበረው የከተማው ነዋሪ ግን ከዚህ ነፃ ነው። ቀለበቱ ውስጥ ያሉት ከተሞች ተቆጡ። እኔ እንኳ ባቡር ነው የምይዘው፤ ጎረቤቴ ግን በአሮጌ ዲዝል ነው በየቀኑ ክራኮው ሥራ የሚገባው። ያው ሂት ፓምፑ የከሰረበት ሰውዬ ነው።

በቀደም አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «እነሱ ከሰላቸውን ሲያወጡ 100 በመቶ ተከፈላቸው» አለኝ። «እኛ ዲዝሉን ስናወጣ ስንት ነው የሚከፈለን? ወይስ መክፈል ብቻ ነው?»

የቀጠናውን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ክራሺንስኪ ጎዳና ላይ ቆሞ የተነፈሰ ሰው አይደግፈውም ብዬ አላምንም። ለጥያቄው ግን የምመልስለት አጣሁ። ያኔ ለምድጃው የነበረችው ብልሃት፣ ቀድሞ ለተነሳ ሙሉውን፣ ለዘገየ ያነሰውን፣ ሂሳብ ለከበደው ደግሞ ድጋፉን የምትሰጠው፣ የከተማውን ድንበር ተሻግራ ለዚህ ሰውዬ ዲዝል የማትሠራበት ምክንያት አይታየኝም።